የእናትሽን ዲስክ አትንኪው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ቤት ያለን ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050፣ ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። እናቴ የሂሳብ ሥራ ቤት እያመጣች በፒችትሪ ትሠራበታለች። እኔ አምስት ኪሎ ሶፍትዌር እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ሊነክስ ያስፈልገኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ካልተጫነ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ሃርድ ዲስኩን ለሦስት ከፍዬ ሦስቱንም ልጫን? የቱ ይቅደም? የእናቴ ፋይል ይጠፋ ይሆን?»

እህቴ፣ ከመጨረሻዋ ጥያቄሽ ልጀምር። አዎ፣ ሊጠፋ ይችላል። ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ግን ሲጠፋ አይቻለሁ፣ ያጠፋሁትም እኔው ነበርኩ።

ያኔ ሱቄ ፒያሳ ነበረች፣ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት። አንድ ነጋዴ ኮምፒውተሩን አምጥቶ «ሊነክስ ጨምርልኝ» አለኝ። የዊንዶውሱን ፓርቲሽን፣ ማለትም ዊንዶውሱ የተቀመጠበትን የዲስክ ክፍል፣ ማሳነስ ጀመርኩ። ፓርቲሽን ሲያንስ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ከዲስኩ ጫፍ አካባቢ የተቀመጠው ፋይል ሁሉ ከቦታው ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ይጓዛል። ዕቃ ከጓዳ ወደ ሳሎን እንደማጋዝ በይው። ግማሹ ተጉዞ ግማሹ ሳይደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ ነበረኝ፤ ባትሪው ግን ደክሞ ኖሯል። ሁለቴ ጮኸና ጸጥ አለ። ሦስት ሌሊት በሪከቨሪ ሶፍትዌር ስቆፍር አደርኩ። ፎቶዎቹን አወጣሁ። የሂሳብ ፎልደሩ ስሙ አለ፣ ፋይሎቹም ስማቸው ተደርድሯል፣ ስትከፍቻቸው ባዶ። የሁለት ዓመት ሂሳብ ውሃ በላው። ሰውዬው አልጮኸብኝም፤ ወንበር ስቦ ቁጭ አለና ዝም አለ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው፦ የእናትሽን ዲስክ ለማንም ብለሽ አትከፋፍዪው። ለሊነክስሽ ሌላ ዲስክ ግዢ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ ማብራሪያ ነው።

በመጀመሪያ ወንድምሽን እናሰናብተው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። 7050 ላይ የሚገኘው 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ነው። ሲስተም የሚለውን ገጽ ክፈቺና አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪው። 7500 ካለ በ7 ስለሚጀምር 7ኛ ነው። በጓሮ በር የሚያስጭን ዘዴ አለ፣ ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ያንን ቼክ ዘልሎ ፍላሽ ያዘጋጃል። ይጫናል፣ ይሠራልም። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት ሊመጣም ላይመጣም ይችላል ብሎ እጁን ታጥቧል። እናትሽ የሰው ሂሳብ የሚሠሩበት ማሽን ላይ ይሄ ቀልድ አይሆንም። ደግሞ በዚያች ማሽን ግራፊክስ 10ሩ ላይ የማይከፈት ጌም 11ዱ ላይ ተከፍቶ አያስደስተውም። ልጁ የወደደው መሃል ላይ የተቀመጠውን የስታርት በተን ይመስለኛል። ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ።

አሁን ያንቺ። መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፦ ሊነክስ የምትፈልጊው ለምንድን ነው? ተርሚናል ለመልመድ፣ ሲ እና ፓይተን ለመጻፍ፣ ሰርቨር ለመሞከር ከሆነ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ራሱ ሊነክስ የሚያስኬድ ነገር አለ፣ ደብሊው ኤስ ኤል ይባላል። ፓርቲሽን አይነካም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ታበሪያለሽ፣ ትጭኛለሽ፣ አለቀ። ለብዙ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይበቃል። ዲስክ መግዣ አሁን ከሌለሽ በዚሁ ጀምሪ፣ ምንም አይቀርብሽም። ሊነክስን ከነዴስክቶፑ፣ ከነጣጣው መኖር ከፈለግሽ ግን (ሙያው ይህ ከሆነ ብትኖሪበት ጥሩ ነው) ወደ ዲስኩ እንሂድ።

7050 ማዘርቦርዷ ላይ የኤም ዶት ቱ ማስገቢያ አላት። የማስቲካ ቅርጽ ያላት ኤስኤስዲ፣ ፈጣኗ ዲስክ፣ እዚያ ትገባለች። 256 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ስትገዢ አንድ ነገር አትርሺ፦ ኤስኤስዲዋን ማዘርቦርዱ ላይ የምትይዝ ትንሽዬ ቡሎን አለች። ማሽኑ ዩዝድ ሆኖ ከመጣ ብዙ ጊዜ የለችም። ከሻጩ እዚያው ጠይቂ። አለበለዚያ ለአንዲት ቡሎን ስትዞሪ ትውያለሽ። እኔ በፕላስተር ያሰረም አይቻለሁ።

ዲስኳን ገጠምሽ እንበል። እዚህ ላይ ዴሎች አንድ ወጥመድ አላቸው፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበትም እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጭነሽ ባዮስ ግቢ። ሳታ ኦፐሬሽን የሚል አለ። ብዙ ጊዜ ሬይድ ኦን ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በዚህ ሁኔታ እያለ የሊነክሱ ኢንስቶለር አዲሷን ኤስኤስዲ ላያያት ይችላል። «ዲስኩ ተበላሽቶ ነው» ብለሽ ሻጩ ጋ ትሄጃለሽ፣ ሻጩ ዊንዶውስ ላይ ሰክቶ ያሳይሻል፣ ትጣላላችሁ። ዲስኩ ጤነኛ ነው። ኤኤችሲአይ የሚለው ላይ መቀየር አለበት።

ግን ዝም ብለሽ ከቀየርሽው የእናትሽ ዊንዶውስ በማግስቱ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያቸዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጭነው የድሮውን የዲስክ ድራይቨር ስለሆነ የራሱን ቤት በር ያጣዋል። ዳታው አልጠፋም፤ ቅንብሩን ወደነበረበት ብትመልሺው ይነሳል። እናትሽ ግን ይህን አያውቁም፤ ልባቸው ድው ይላል።

መላው ይኸውልሽ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነሽ ኤምኤስኮንፊግ የሚለውን ክፈቺ። ቡት በሚለው ገጽ ላይ ሴፍ ቡት የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጊባት። ሪስታርት ሲል ኤፍ 2፣ ከዚያ ሬይድ ኦን የነበረውን ኤኤችሲአይ አድርጊ፣ አፕላይ፣ ውጪ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሳል፤ በዚህ ጊዜ መሠረታዊ ድራይቨሮቹን ሁሉ ስለሚሞክር ትክክለኛውን ያገኘዋል። ከገባ በኋላ ኤምኤስኮንፊግን መልሰሽ ከፍተሽ ምልክቱን አንሺ፣ ሪስታርት። ከዚህ በኋላ በደህና ይነሳል። አንዲት ጥንቃቄ፦ ሴፍ ሞድ አንዳንዴ አራት አሃዟን ፒን አይቀበልም። የአካውንቱን ሙሉ ፓስዎርድ እናትሽ ማስታወሳቸውን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ሲ ድራይቭ ላይ የቁልፍ ምልክት ካየሽ ደግሞ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፏል ማለት ነው። 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ሳትገለብጪ ባዮስን አትንኪ።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ባክአፕ። ፒችትሪ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሥር የራሱ ባክአፕ አለው፣ ድርጅቱን በሙሉ አንድ ፋይል አድርጎ ያወጣልሻል። ፍላሽ ላይ አውጪው። እናትሽ የሦስት ድርጅት ሂሳብ ከያዙ ሦስቱንም ለየብቻ። ከዚያ ፍላሹን ንቀዪና ከቤት ውጪ የሆነ ሰው ጋ አስቀምጪ፤ እዚያው ዴስኩ ላይ ከተቀመጠ ባክአፕ አልለውም። ይሄን ሥራ በሰኔ አትጀምሪው ደግሞ። ሰኔ 30 ሂሳብ የሚዘጋበት ነው። ኮምፒውተሩ ያን ሰሞን ከታመመ ለእናትሽ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ነው።

የትኛውን ሊነክስ? ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል ነው። ሊነክስ ሚንት 22 በዚያው በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ሆኖ ከ3 ጊጋ ብዙም የራቀ አይደለም። ሁለቱም እስከ 2029 በፈረንጅ አቆጣጠር አፕዴት ያገኛሉ። ለዚች ማሽን ሚንትን እመርጣለሁ። ዳታ ይቆጥባል፣ 8 ጊጋ ራም ላይ ይቀለዋል፣ መልኩም ዊንዶውስ ለለመደ አይን አይከብድም። ኢንተርኔት ላይ ለኡቡንቱ የተጻፈ መላ አብዛኛው ለሱም ይሠራል። ግቢ ዋይፋይ ላይ አውርጂው። ሲያልቅ የፋይሉን ቼክሰም (ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ድረገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። መሃል ላይ ኔትወርክ ተቆርጦ የወረደ ፋይል ጭነቱን 80 ፐርሰንት አድርሶ ነው የሚከዳሽ።

የወረደውን ፋይል በዚያው በሩፈስ ሌላ ፍላሽ ላይ ካዘጋጀሽ በኋላ አሁን ልናገር የመጣሁት ነገር ይመጣል። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ከሶኬት ንቀዪ፣ ጎኑን ክፈቺ፣ የእናትሽን ሃርድ ዲስክ ገመድ ንቀዪው። አዎ፣ በእጅሽ። ያች ጠፍጣፋ የሳታ ገመድ ናት። ከተነቀለች ኢንስቶለሩ የሚያየው ያንቺን ኤስኤስዲ ብቻ ነው፣ ምንም ብትሳሳቺ ስህተትሽ በራስሽ ዲስክ ላይ ያልቃል። «ጠንቅቄ ከመረጥኩ ምን አስነቀለኝ?» ትይኝ ይሆናል። የኡቡንቱ ቤተሰብ ኢንስቶለሮች የቆየ ዐመል አላቸው። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ጫን ብትያቸውም ማስነሻውን ፋይል ሄደው የመጀመሪያው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ። ያኔ አንዱን ዲስክ ስታወጪ ሌላው አልነሳም ይላል። ገመድ መንቀል አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሺና «ሙሉ ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ያለ ስጋት ምረጪ። ማስፈራሪያው አያስደንግጥሽ፣ የሚጠፋው ባዶ ዲስክ ነው። ካለቀ በኋላ ገመዱን መልሺ። ባዮስ ውስጥ የመነሻ ተራውን የእናትሽን ዊንዶውስ አንደኛ አድርጊው። አንቺ ሊነክስ ስትፈልጊ የዴል ምልክት ሲመጣ ኤፍ 12 ተጫኚና ከዝርዝሩ ምረጪ። አለቀ።

«ሲነሳ ዊንዶውስ ወይስ ሊነክስ ብሎ የሚጠይቀው ግራብ ይሻላል» የሚሉሽ ጓደኞች ይኖራሉ። ግራብ ጥሩ ነገር ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው። እናትሽ ግን ማታ ከሥራ መጥተው፣ ቡና እየፈላ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ካዩ ስምሽን ነው የሚጠሩት። ኮምፒውተሩ ለሳቸው እንደ ትናንቱ መነሳት አለበት። ኤፍ 12 መጫን ያለባት ሊነክስ የፈለገችው ናት።

ሁለቱ ሲስተሞች ጎን ለጎን መኖር ሲጀምሩ ሦስት የሚያናድዱ ነገሮች ይመጣሉ።

አንደኛው ፋስት ስታርታፕ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሸት ዳውን ስትይው እውነት አይጠፋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። ቶሎ ለመነሳት ነው። ተኝቶ እያለ አንቺ ከሊነክስ በኩል ገብተሽ ዲስኩ ላይ ብትጽፊ፣ ሲነቃ እሱ የሚያስታውሰውና ዲስኩ ላይ ያለው አይገጥምም። ሊነክስ ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈቅድልሽ። ዊንዶውስ ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ አጥፊው። ባጠፋሽውም እንኳ የፒችትሪን ፎልደር ከሊነክስ በኩል አትንኪ። ለመለዋወጫ ፍላሽ ወይም ያንቺው ኤስኤስዲ ላይ አንድ ክፍል በቂ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፣ ይሄ እንኳን ያስቃል። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። ሊነክስ ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፍበታል። እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። አንቺ ሊነክስ ላይ ቆይተሽ ስትነሺ፣ እናትሽ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ሲከፍቱ 12፡00 ይላቸዋል። የፈረንጁን ሰዓት ወደ አበሻ ስንለውጥ 6 ስለምንቀንስ ያንን 6 ሰዓት ነው ብለው ምሳ ሊያቀርቡ ነው ማለት ነው። አንድ ደንበኛዬ ለሳምንት ያህል የማዘርቦርድ ባትሪ ሲቀያይር ከርሟል። ባትሪው ምን አጠፋ! ሊነክሱን «የአገር ሰዓት ተጠቀም» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፣ ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ በአንድ መስመር። ሎካል አርቲሲ የሚለውን ወደ 1 መቀየር ነው። ሊነክሱ ራሱ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ማስጠንቀቂያም ያሳይሻል። እለፊው። በኛ አገር ሰዓት ወደፊት ወደኋላ የሚባል የክረምትና የበጋ ለውጥ ስለሌለ ማስጠንቀቂያው ብዙም አይመለከተንም።

ሦስተኛው አማርኛ ነው። ፓወር ግዕዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ሊነክስ ላይ ኪማን ጫኚ፣ ወይም አይባስ የሚባለው ውስጥ የአማርኛውን ምረጪ። «ሰላም»ን እንደ ፓወር ግዕዝ በላቲን ድምፅ ነው የሚጻፈው፣ አንዳንድ ፊደል ላይ ብቻ ጣትሽ ይሳሳታል። የእናትሽ የቆዩ ደብዳቤዎች ግን ሊነክስ ላይ ሲከፈቱ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሊሆኑብሽ ይችላሉ። አልተበላሹም። ከዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጋራው የፊደል አሠራር፣ በፊት የነበረው አጻጻፍ ከላቲን ፊደል ጀርባ ተደብቆ የግዕዝን መልክ የሚያሳይ ፎንት ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል። ፎንቱን ከዊንዶውስ ገልብጠሽ ብትጭኚ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ኢንተርኔትም አለ። ኦፕቲፕሌክሶች አብዛኛው የዋይፋይ ካርድ የላቸውም፣ በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ አንቴና ይጠቀማሉ። ርካሾቹ ሊነክስ ላይ ድራይቨር አምጡ ይላሉ፣ ድራይቨር ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በዚህ መሃል እንዳትደናገጪ፦ ስልክሽን በቻርጀር ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኚና ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሪ። ሊነክስ ወዲያው ይቀበለዋል።

ስለ ዊንዶውስ 10 አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተጨማሪ ድጋፍ የተመዘገበ የግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደህንነት አፕዴት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አይቆምም፤ ፒችትሪም መሥራቱን ይቀጥላል። በዚያ ዊንዶውስ ኢሜይል እየከፈቱ፣ ከሰው ፍላሽ እየተቀበሉ የደንበኛ ሂሳብ መያዝ ግን እያደር የሚከብድ ነገር ነው። ያኔ ያንቺ ሊነክስ ለእናትሽም ይጠቅማል። ራሙን 16 ጊጋ አድርጊው። የምትገዢው ዲዲአር 4 ነው። ማሽኗ ትንሿ ማይክሮ ከሆነች የላፕቶፕ ራም ነው የምትወስደው፤ ሳታዪ አትግዢ። ሊነክሱ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ትጭኛለሽ፣ በሱ ውስጥ ለፒችትሪ ብቻ የሆነ ዊንዶውስ፣ 2 ወይም 3 ጊጋ ራም፣ 40 ጊጋ ዲስክ። ኔትወርኩን ትዘጊበታለሽ። ይህ ዊንዶውስ በሙሉ ዲስክሽ ላይ አንድ ፎልደር ነው። ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ስትገለብጪው ከነፒችትሪው፣ ከነሂሳቡ ይሄዳል። ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ስናፕሾት ታነሺለታለሽ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደዚያች ሰዓት ትመለሻለሽ። ለዚያ ነጋዴ ይህን ባደርግለት ኖሮ እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል።

ይሄን ግን ዛሬ አታድርጊ። በመጀመሪያ የባክአፕ ፋይሉን ቨርቹዋሉ ውስጥ አስገብተሽ አንድ ወር በሁለቱም በኩል እናትሽ ይሥሩበት። ትራያል ባላንሱ በሁለቱም እኩል መምጣቱን አንቺ ሳትሆኚ እሳቸው ይዩት። ፕሪንተሩ ማተሙንም ሞክሩ፣ እዚያ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው።

ዲስክ ስትገጥሚ እጅሽ ከፈራ አራት ኪሎ ዙሪያ ኮምፒውተር የሚጠግን አይጠፋም። ብቻ «ፎርማት ላርገው?» ካለሽ ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ውጪ።